ሻንጣ ያልገባው ጃኬት

ሐዳሳ ጃኬቷን መፈለግ የጀመረችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ አልጋ ስር አጎንብሳ አየች። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ የተደራረበውን ልብስ ሁሉ አወረደች፤ ጓሮም ወጥታ የልብስ ማስጫውን ገመድ ተመለከተች። እናቷ ጣቢታ መሬት ላይ ተቀምጣ የደረቀ ቡላ በፌስታል እየቋጠረች ነበር። ቀና አላለችም።

"እማዬ፣ አረንጓዴውን ጃኬቴን አይተሻል?"

"ቤት ውስጥ ነዋ፤ የት ይሄዳል?"

ውሸት አልተናገረችም። ጃኬቱ በእርግጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ በጣቢታ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከክት ቀሚሷ ስር። የሳጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ባለው ክር ተንጠልጥሏል። የደበቀችው ልጇ በብርድ እንድትቆራመድ ፈልጋ አይደለም። ሐዳሳ በሰው አገር የሞተች እንደሆነ፣ ዘርግታ የምታለቅስበት ልብስ እንዳታጣ ነው። ይህንን እንኳን ለሰው፣ ለራሷም በቃል ብላው አታውቅም።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ከጤነኛ እናት ልብ እንዴት ይወጣል የሚል ሰው ቢኖር፣ ሆሳዕና ውስጥ ዘመድ የሌለው መሆን አለበት።

ጣቢታ ቅቤ ነጋዴ ናት። መምህር ባሏ ልጆቹን ለቁም ነገር ሳያበቃ ሞተባትና፣ ዳምቦያ ገበያ እየሄደች ቅቤ እየገዛች፣ ሆሳዕና አምጥታ እየሸጠች ሁለቱን አስተማረች። ታላቅየው ሆሴዕ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ እንደ እኩዮቹ ልቡ ደቡብ አፍሪካ ገባ። የሚያሻግራቸው ደላላ ከለበሳችሁት በቀር ምንም አትያዙ ስላላቸው ባዶ እጁን ወጣ። ለእናቱ የደወለላት ኬንያ ከደረሰ በኋላ ነው። ኬንያ ገባ ሲባል ሰፈሩ "እንኳን ደስ ያለሽ" አላት። እሷም ደስ አላት፤ ምን ታድርግ። ልጄ ከእንግዲህ የተሻለ ይለብሳል ብላ ሱሪውንም፣ ሸሚዙንም፣ አሮጌ ጫማውን ሳይቀር ሾኔ ላሉት የእህቷ ልጆች ላከች።

ወራት አልፈው መርዶው መጣ። ሆሴዕ ማላዊ ውስጥ በሕመም ሞቶ፣ አብረውት የነበሩት ልጆች መንገድ ዳር ቀብረውት አልፈዋል። ድንኳን ተተከለ፤ ዘመድ ከየገጠሩ ተሰበሰበ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስ ወጥቶ ይዘረጋል፤ ሴቶቹ እሱን እያዩ ያለቅሳሉ። "ልብሱን አውጡልን" አሉ። ጣቢታ ገብታ ሳጥኗን ከፈተች። ካልሲ እንኳን አልነበረም። የእህቷ ልጆች ደግሞ የተላከላቸውን ሁሉ በአንድ ክረምት የእርሻ ጭቃ ጨርሰውታል።

የተማሪነት ፎቶውን ፎቶ ቤት አሳድገው ሰቀሉላት። ሲያሳድጉት ፊቱ ደብዝዞ የማታውቀው ልጅ መሰለ። ጣቢታ ደጋግማ አየችው፤ ሆሴዕን አጣችበት። እንባም እምቢ አላት። ሴቶቹ ደንግጣ ነው አሉ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አቶ ጠና፣ በልብስ ማልቀስ ለአማኝ አይገባም ብለው አጽናኗት። ሰውዬው ቅን ናቸው፤ ግን የእሳቸው ልጅ አስከሬን ከደቡብ አፍሪካ በሳጥን መጥቶላቸው በወግ ቀብረዋል። የሌለ ሰው ማልቀስ ምን እንደሆነ የት ያውቁታል?

እንግዲህ ሐዳሳ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ፣ ለአንድ ሴሚስተር ፖላንድ ሄዳ እንድትማር ተመረጠች። የመኖሪያውና የምግቡ ነገር እዚያው የሚሸፈን ነው፤ ቪዛውም በደንቡ ተመታ። እሷ ጥር ሄጄ ሰኔ እመለሳለሁ ትላለች፤ ሰፈሩ ይስቅባታል። ጎረቤታቸው አበራሽማ የስንቅ በርበሬ ይዛ በመጣች ቁጥር፣ "ማን ነው ከውጭ የሚመለሰው? እዚያው ቅሪና እናትሽን አንሺ" ትላታለች። አበራሽ ለሁሉም ነገር ቃል አታጣም። ለእሷ ሄደ ማለት ከበረ ማለት ነው። ጣቢታ ግን ልጅሽ ልትሄድ ነው በተባለች ቁጥር ወሬውን ወደ ቅቤ ዋጋ ታዞረዋለች።

ሐሙስ ዕለት ሻንጣው ሊዘጋ ሲል ሐዳሳ የእናቷ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ተመለከተች። ቁልፉ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

"እማዬ፣ ሳጥንሽን ክፈቺልኝ።"

"የእኔን ሳጥን ምን ልታደርጊው?"

"ክፈቺልኝ። የካቲት እዚያ በረዶ ነው ብለውኛል። ሌላ ወፍራም ልብስ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።"

ጣቢታ ከፈተችላት። ሐዳሳ ቀሚሱን አንስታ ጃኬቱን መዝዛ አወጣችው። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ፣ አንገቱ ጠጉር ያለው ጃኬት ነው። ቤተ ክርስቲያንም፣ ክፍልም፣ ወፍጮ ቤትም በእሱ ስለምትሄድ ሰው ከሩቅ የሚለያት በጃኬቱ ነበር።

"ለምን ደበቅሽብኝ?"

"ለወንድምሽ የምዘረጋው ጨርቅ አጣሁ" አለች ጣቢታ።

ሐዳሳ ነገሩ ሲገባት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ እኮ ልማር ነው የምሄደው፤ ያውም በአውሮፕላን። እሞታለሁ ብለሽ ነው የምታስቢው?"

"አላስብም። ለእሱም አላሰብኩም ነበር። ሳላስብ ነው ባዶ እጄን የቀረሁት።"

ሐዳሳ ጃኬቱን በቁጣ ሻንጣው ውስጥ ጨመረችና ዚፑን ዘጋች። ጣቢታ ቡላውን፣ የቃሪያ ዳጣውን፣ የአበራሽን በርበሬ በሌላ ቦርሳ ደረደረች። አፍራለች። የማፈሯን ያህል ደግሞ ጃኬቱ ከሳጥኗ በመውጣቱ ከፍቷታል፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ።

በማግስቱ ሊወጡ ሲሉ ሐዳሳ ሻንጣውን መልሳ ከፈተች። ጃኬቱን አወጣችና አጥፋ የእናቷ አልጋ ላይ አስቀመጠችው።

"እዚያ ሌላ እገዛለሁ" አለች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። "ይሄ ካንቺ ጋር ይሁን።"

ጣቢታ መከልከል ነበረባት። ልጄ፣ ብርድ ነው፣ ውሰጂው ማለት ነበረባት። ከአፏ የወጣው ግን "እሺ" ነው።

መናኸሪያው በጥር ውርጭ ጭር ብሏል። ተሸካሚው ሻንጣውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አወጣው፤ አቶ ጠናም በመስኮቱ በኩል ጸሎት አደረጉ። ሐዳሳ በስስ ሹራብ ሆና ክንዶቿን ታሻሽ ነበር። ጣቢታ የልጇ አንገት ላይ ቆዳው ሲሸማቀቅ አየች። ሮጣ ቤት ደርሳ ጃኬቱን ልታመጣ አሰበች፤ አውቶቡሱ ግን ተነሳ። ልጅቷ በመስኮት ፈገግ አለችላት፣ እጇን አውለበለበች። "ጣቢታ ጠንካራ ናት፣ አታለቅስም" አሉ ሊሸኙ የመጡት ሴቶች።

ቤት ስትገባ ጃኬቱ እንደታጠፈ አልጋው ላይ አለ። ሳጥን ልትከተው አነሳችውና ፈታችው። ክርኑ ላይ የለባሿ ክንድ ቅርጽ ቀርቶበታል፤ አንገቱ የፀጉር ቅባት ይሸታል። አስባበት አይደለም፣ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ ዘርግታ በለቅሶ ቤት ወግ አነጠፈችው። ያን ጊዜ የለቅሶ ጩኸት አፏን ከፍቶ ወጣ። የጠራችው ስም ግን የሐዳሳ አልነበረም።

አበራሽ የሳሙና አረፋ ከእጇ ሳታራግፍ ደረሰች። አልጋው ላይ የተዘረጋውን ስታይ በሩ ላይ ቀረች።

"ምን ሆነች? መኪናው ተገለበጠ?"

"ደህና ናት።"

"ታዲያ ልጅቷን በቁሟ ታለቅሻታለሽ? ሟርት ነው ጣቢታ፣ አንሺው።"

"እሷን አይደለም" አለች ጣቢታ። "ሆሴዕን ነው። እስከ ዛሬ አላለቀስኩትም።"

አበራሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና "ሆሴዕ፣ ሆሴዕ" እያለች ለቅሶውን ተቀበለቻት።