ቢጫው ፎጣ

እናቴ ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ የነገረችኝ ነጭ ሽንኩርት እያስላጠችኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው፤ አልሞትም። አንቺም ተመርምረሽ ነፃ ነሽ። በይ ቶሎ ላጪ፣ ወጡ አረረ» አለችኝ። በእኛ ቤት የምክር አገልግሎት የሚባለው ይኸው ነበር።

አላመንኳትም። አባቴንም ይድናል ባሉኝ በሳምንቱ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ስለዚህ ሆዴን ቆረጠኝ እያልኩ ከትምህርት ቤት ቁልቁል ቤታችን ወዳለበት ወደ 18 ማዞሪያ መሮጥ፣ በሕይወት መኖሯን አይቼ መመለስ ጀመርኩ። መምህሬ ሁለት ጊዜ የወስፋት መድኃኒት አስዋጠኝ። ወስፋቶቹ ምንም አልበደሉም።

ሩጫው ሲሰለቸኝ የመስኮት ዳር ወንበር ከአንዷ ተማሪ በሁለት ሳምቡሳ ለወጥኩ። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ ግቢያችን ወለል ብሎ ይታያል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቢጫው ፎጣችን የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ይወጣል። ቤታችን ከእኔና ከእሷ ሌላ ሰው የለም፤ ፎጣ ደግሞ ራሱን አያሰጣም። ስለዚህ አለች ማለት ነው። ደብተሬን የምገልጠው ያኔ ነበር። አንድ ፎጣ በየቀኑ ለምን እንደሚታጠብ አልጠየቅኩም። እንዲያውም ከሠፈሩ ንጹሕ ቤተሰብ እኛ ነን ብዬ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ፣ ያውም ጨርሶ ያልገባኝን ክፍልፋይ እየተማርን ሽቦውን ባየው ብርድ ልብስ ብቻ። ፎጣ የለም። ሳላስፈቅድ ወጥቼ እያለቀስኩ ሮጥኩ። ለቀብሯ የምለብሰው ጥቁር ቀሚስ እንደሌለኝ ሳይቀር አሰብኩ።

በራችን ላይ ስደርስ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ከጎረቤታችን ጋር እየተሰዳደበች ነው። የሞተ ሰው እንደዚያ አይሳደብም።

«ደረቅ ፎጣ እኮ ነው!» ትላለች ጎረቤታችን። «በየቀኑ ደረቅ ፎጣ ታሰጪያለሽ፤ እኔ ብርድ ልብሴን የት ላስጣ?»

«ደረቅ ቢሆንስ! ልጄ ከክፍሏ ሆና የምትጠብቀው እሱን ነው። በመስኮት ቢጫ ነገር ካላየች አትጽፍም ብሎ መምህሯ ነግሮኛል። ካላየችው እናቴ ሞተች ብላ ነው የምትውለው!»

ዞር ስትል አየችኝ። ፎጣው እጇ ላይ ነበር። ደነገጠች፤ ግን ብዙም አልቆየባትም።

«አንቺ ደግሞ ምን ይገትርሻል? ትምህርት የለም?»

ዳገቱን ተመለስኩ። መምህሩ ጥግ ላይ አንበረከከኝ። ደግነቱ ጥጉ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። አንገቴን አስግጌ ቁልቁል አየሁ። ቢጫው ፎጣ በጎረቤታችን ብርድ ልብስ ላይ ተዘርግቷል። ክፍልፋይ የገባኝ ያን ቀን፣ እንደተንበረከኩ ነው።