የእማዬ ምራቂ

ባለፈው ሳምንት ለስልኬ ሽፋን ልገዛ ታይዋን ገበያ ወርጄ ነበር። አንዱ ባለሱቅ ከመዳፍ የማትበልጥ የኤሌክትሪክ ሚዛን አውጥቶ ፊቴ ደቀናት። «እማማ፣ እያት ይቺን! ወርቅሽን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትመዝኚያለሽ። ቅንጣት አትስትም፣ ወላሂ!» አለኝ። የድሬዳዋ ሰው አንቱ ማለት አያውቅም፤ እኔም አንቱ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ያረጀሁ ስለሚመስለኝ እቆጣለሁ። ቀለበቴን አውልቄ እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። እኔ ግን ቁጥሩ ሲርገበገብ ሳየው የባንኮኒውን ጠርዝ ያዝኩ። «ምነው፣ ሙቀቱ ነው?» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። አዎ፣ ሙቀቱ ነው አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

እኔ ሚዛን ሳይ ባሩድ ይሸተኛል። 

ያኔ ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው መንገዱን በሚያለብሱበት በኩል፣ አንድ መድኃኒት ቤት ዱቄት እየመዘንኩ ቅባት አዋሕድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዩሱፍ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አባታችን ሲሞት ተራራው ሥር ያለች የማሽላ ማሳና ፈቃድ ያላት አሮጌ የአደን ጠመንጃ ትቶለታል። ማሽላው ሲያሸት ከርከሮ ይወርድበታል፣ ዝንጀሮ ይወርድበታል፤ ያለ ጠመንጃ ማሳውን መጠበቅ ዘበት ነው። በዚያ ላይ ጠመንጃዋ የምትጎርሰው ጥይት ከከተማው ድራሹ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን አገር ለቆ ሊሄድ ዕቃውን የሚያከፋፍል አንድ ግሪክ አዳኝ ነበር። ሙሴ ያኒ እንለዋለን፤ ድሬ ላይ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። ከዩሱፍ ጋር ይዋደዱ ስለነበር የተተኮሰ ቀለሃ እንደገና የሚሞላበትን መሣሪያ ከነባሩዱ ለቀቀለት። ሲያስረክበው ታዲያ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረው። «መጀመሪያ መለኪያህን ምረጥ። ሁሉም ጥይት አንድ ዓይነት ካልሆነ የምትተኩሰውን አታውቀውም። ባሩድ በዓይን አይሰፈርም፤ ከበዛ ጠመንጃው በእጅህ ይፈነዳል፣ ገባህ?»

ዩሱፍ ገባኝ ብሎ መጣ። ግን ለሥራው አዲስ ነው፤ የቱ መለኪያ እንደሚበጅ ከየት ይወቅ? ከያለበት ለቃቅሞ ጓሮ ባለችው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፤ የነሐስ ስፍር፣ ደብዳቤ የሚመዘንበት ባለሞላ ሚዛን፣ ከወርቅ ሠሪ ጓደኛው የተዋሰው ባለሁለት ሳህን ሚዛን። ከዚያ ጮኾ ጠራኝ። «አንቺ ዱቄት መዛኝ፣ ነይ እስቲ ዕውቀትሽን አውጪ!»

«አንዱን ነገር ደጋግመህ መዝን፤ ሁልጊዜ አንድ መልስ የሚሰጥህን ያዝ» አልኩት። መድኃኒት ቤት የተማርኩት ይኼንኑ ነው። አንዲት የሎዝ ፍሬ አስቀመጥን፤ ሎዝ የምንለው ሌላው አገር ኦቾሎኒ የሚለውን ነው። ባለሞላው ሚዛን እንደ ደላላ በየጊዜው ሌላ ነገር ይናገራል። የነሐሱ ስፍር ደግሞ ጠረጴዛው ከተነካ ባሩዱ ጠቅጠቅ ስለሚል የያዘው መጠን ይለያያል። የወርቅ ሠሪው ሚዛን ግን ቃሉን አያጥፍም፤ ብቻ ነፋስ አይወድም። እሱን ለመጠቀም ቬንትሌተሩ መጥፋት አለበት። በድሬ ቀትር ቬንትሌተር አጥፍቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል! ላባችን ሳህኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባራችንን በፎጣ አስረን እንሠራ ነበር። የቀለሃውን ርዝመት የምንለካበት ካሊፐር ደግሞ ከባቡር ወርክሾፕ የወጣ አሮጌ ብረት ነው፤ አዲስ የሚያብለጨልጭ ቢያመጡልንም ሲዘጋ ክፍተት ስላየሁበት መልሰነዋል።

እነዚያን ቀናት ስወዳቸው! ፈጢራ ገዝተን፣ ቀረፋ የበዛበት ሻይ አጠገባችን ሆኖ፣ ሁለታችንም እንደ ሐኪም ኮስተር ብለን። ዩሱፍ ስስቅ ይቆጣል፤ ትንፋሽሽ ሚዛኑን አወዛወዘው ይላል። ከዚያ እሱ ራሱ ይስቃል።

እማዬ ግን ሥራችን ፈጽሞ አልተዋጠላትም። እማዬ ሐሊማ ቀፊራ ገበያ ሎዝ ሻጭ ነበረች፤ የከተማው ሰው «ሐሊማ ምራቂ» ነበር የሚላት። ጣሳዋን ቁልል አድርጋ ከሰፈረች በኋላ በዚያ ላይ እፍኝ ትጨምራለች። «ስፍር የሰው ነው፣ ምራቂ የአላህ ነው» ትላለች። ከስፍሩ በላይ ምራቂ የማይጨምር ሻጭ እሷ ዘንድ ሰው አይደለም። እኛ በመርፌ ጫፍ ባሩድ ስንቀንስ ስታይ «ወይ ጉዴ፣ ንፉግ ወለድኩ» እያለች ትወጣ ነበር።

አንድ ዓርብ ዩሱፍ መዝኖ የጨረሳቸውን ቀለሃዎች አፋቸው እንደተከፈተ የእንጨት መደርደሪያው ላይ አቁሞ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ሄደ። ሲመለስ አረሩን እየገጠመ ዘጋቸው። የተመዘነ ነገር ማን ሁለተኛ ይመዝናል? ኪሱ ከቶ ጠመንጃዋን አንግቶ ወደ ማሳው ወጣ።

እኔ ከሥራ ስገባ እማዬ ደጅ ተቀምጣ ማንጎ ትልጣለች። ደስ ብሏታል።

«አቦ፣ የግሪኩ ስፍር እንዴት ያለ ንፉግ ነው! ሁሉም ጎደሎ፣ ሁሉም ጎደሎ። ልጄ በጎደሎ ስፍር አውሬ ፊት ይቁም እንዴ? በማንኪያ ጫፍ ምራቂ ጣል ጣል አደረግሁላቸው» አለችኝ።

«እማዬ! የቶቹ ላይ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጎረቤት ስትጠራኝ ከመሀል ተውኩት። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ምንም አልኳት። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ራሴን ያገኘሁት ጋሪ ላይ ነው። «ወሪያ፣ በአላህ ፍጠን!» እያልኩ የባለጋሪውን ጀርባ እደበድባለሁ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አሸዋው የፈረሱን እግር ያዘው፤ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ማሽላው ቁመቴን ይበልጣል፤ ምንም አይታየኝም። «ዩሱፍ! አትተኩስ!» እያልኩ ስሮጥ ቅጠሉ ፊቴን ይሸነትረዋል። ያኔ ተኩስ ሰማሁ። ቆምኩ። ዝንጀሮዎቹ ሲንጫጩ፣ ከዚያ የዩሱፍን ሳቅ ሰማሁ። ደህና ነው! አልሐምዱሊላህ ብዬ እንደገና ልጣራ አፌን ስከፍት ሁለተኛው ጮኸ። ድምፁ የጥይት አልነበረም። ተራራው ራሱ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ሳቅ አልተከተለውም።

መሬት ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘሁት፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። የጠመንጃዋ ሆድ ተፈልቅቋል። በሻሼ እያሰርኩት ሁሉንም ነገርኩት፤ ልይዘው አልቻልኩም። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፤ «እማዬ እንዳትሰማ። ጠመንጃዋ አርጅታ ነው፤ በቃ።»

ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ለሰው ሁሉ ጠመንጃዋ አርጅታ ነው አልን። እማዬም አብራ ጠመንጃዋን ረገመች፤ የሠራትንም ረገመች። አመነችን ብዬ እፎይ አልኩ።

ዩሱፍ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እማዬ ወደ ቀፊራ ተመለሰች። ዕቃ ተሸክሜላት አብሬያት ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ገዢ የዱሮ ደንበኛዋ ናት፤ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ሎዙን ተቀበለችና እንደ ልማዷ «ሐሊማ፣ ምራቂስ?» አለቻት። እማዬ ጣሳዋን እንደገና ሞላች። በመዳፏ ከአፉ ላይ ላጥ አደረገችው፤ ትርፉ ጆንያው ላይ ረገፈ።

«ስፍሩ ይኼ ነው፤ ከፈለግሽ ድገሚ» አለቻት።

 ማን ነገራት? ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ለማንም ምራቂ ጨምራ አታውቅም። ሰዉ መጀመሪያ ኀዘን ነው አለ፤ ቆይቶ ሐሊማ ገንዘብ ወደደች አለ፤ በመጨረሻ «ሐሊማ ንፉጓ» አሏት። እየሰማች ታልፋለች። እኛ እሷን ላለማሳዘን ዝም አልን፣ እሷ እኛን ላለማሳዘን ዝም አለች፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዝምተኞች። አላህ ይርሐማት፣ ከሞተች ስንት ዘመኗ! እኔ ግን እስከ ዛሬ ወጥ ቤት ብቻዬን ስሆን መዳፍ ጣሳ ላይ ሲሄድ እሰማለሁ። ጆሮዬ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን።

የዚያን ዕለት ከታይዋን በባጃጅ ተመልሼ ስገባ ዩሱፍ ግቢው ውስጥ የኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር ሬዲዮ ያዳምጣል። አሁን ሽማግሌ ነው፤ እኔው ጋ ይኖራል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ስንት ዘመን የያዘኝን ነገር አወጣሁት።

«እማዬ እኮ ታውቅ ነበር። ማን እንደነገራት ነው ያልገባኝ።»

ሬዲዮውን አጠፋ። «እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ? አንተ አይደለህ እንዴ እንዳትሰማ ያልከው!»

«ሆስፒታል ሾርባ ስታጎርሰኝ ነበር። በቃኝ አልኳት። አንዲት ማንኪያ ለምራቂ አለችኝ። ‹እማዬ፣ ምራቂሽ ይቅርብኝ› አልኳት።» ሬዲዮውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው። አፌን ጠረገችልኝ። ምንም አልጠየቀችኝም።»

«ተናድደህባት ነበር?»

«ኧረ በአላህ! ጠግቤ ነበር እኮ። ወላሂ፣ ጠግቤ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱም ራሱን የሚያምን አይመስለኝም። እማዬ ያቺን ቃል እንደ ፍርድ ተቀብላ፣ ንፉግ እየተባለች፣ ይግባኝ ሳትል ሄደች። ምሳ አቅርቤለት በላ። ልጨምርልህ ወይ ልለው አፌ ላይ መጣና ሳልለው ሳህኑን አነሣሁ።