የአዋላጇ ሞተር ሳይክል ፒስተን

ታናሽ ወንድሜ ገና ጢም ሳያበቅል የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ቀን ዳገት መሀል ላይ የመኪናው ሞተር ነከሰ። መካኒኮች "ነከሰ" የሚሉት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ሲል ነው። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ፍሬኑ አልያዘም፣ ከነጭነቱ ወንዝ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ እዚያው ሞተ። ወንድሜ እግሩ በጋቢናው ብረት ተይዞ፣ ውኃው ደረቱ ድረስ ሆኖ፣ ሰው እስኪደርስለት እዚያው ዋለ። ሲያወጡት አልጮኸም፣ አላለቀሰም። አንዱ "ምን ይሰማሃል?" ቢለው፣ "ሞተሩ ለምን ነከሰ?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

ሆስፒታል ስደርስ ያገኘሁት ልጅ መልኩ ያው ነበር። ውስጡ ግን አንድ ነገር በርዶ ቀርቷል። እናታችን፣ "ልጄን ውኃው መለሰልኝ፣ ድንጋጤውን ግን አስቀረው" ትል ነበር። ሰፈሩም ውሎ አድሮ "ቀዝቃዛው" የሚል ስም አወጣለት። እሱም ሲጠሩት አቤት አለ።

እግሩ ሲጠገን ጋራዥ ተቀጠረ፤ ኋላም የራሱን ከፈተ። አንዲት ክፍል ናት። የቆርቆሮ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ዘይት የጠጣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ እንደየቁመታቸው ተሰቅለዋል። የሲሊንደር መለኪያውን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለማንም አያውሰውም። ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር የሚሠራው። ደንበኛ የሚወደው ስለማይዋሽ ነበር። "ይሄ ሞቷል" ካለ ሞቷል። "ይሠራል" ካለ ይሠራል። ሞተር እየተንኳኳ "ግድ የለም፣ ሲሞቅ ይተዋል" የሚል መካኒክ ሲያይ፣ "እሱስ ውሸቱን መች ይሆን የሚተወው?" ይል ነበር። ከአፉ የሰማሁት ቀልድ ይህና አንድ ሌላ ነው።

ሌላውን የተናገረው ለሚስቱ ነው። ሚስቱ አዋላጅ ነበረች። ተራራው ላይ ወዳሉት መንደሮች መኪና አይወጣም፤ እሷ የምትወጣው በአንዲት ቀጭን የገጠር ሞተር ሳይክል ነበር። ቱ ስትሮክ ከሚሏቸው ወገን ናት፣ ዘይቷን ከቤንዚን ጋር ቀላቅላ የምትጠጣ። ሚስቱ የሱ ተቃራኒ ነበረች፤ ወሬዋ ከሞተሯ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል።

"ቀዝቃዛው፣ ዛሬ መንታ አዋለድኩ!"

"ደግ።"

"ደግ ብቻ? መንታ እኮ ነው የምልህ!"

"እሺ፤ ደግ፣ ደግ።"

የሚጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ቤንዚን ለመቆጠብ ብላ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ፈጽማ ዘግታ ትወርድ ነበር።

"ተይ፤ ቤንዚኑን ስትዘጊ ዘይቱንም ዘጋሽው። ሞተሩ በደረቁ ይፋጃል።"

"እሺ።"

"እሺ ትያለሽ።"

"እሺ አልኩህ እኮ! ደግሞ እሺ ማለትም ሊከለከል ነው?"

ከዚያ ታመመች። ሕመሟ አጭር ነበር። ወንድሜ ቀበራት፣ ለቀስተኛ ተቀበለ፣ የተውሶ ወንበሮችን ለየባለቤታቸው መለሰ፣ ጋራዡን ከፈተ። እንባ ያየበት የለም። "ድንጋይ ነው" አሉ ጎረቤቶች። እኔ ታላቁ ነኝና ብዙ ጊዜ ከጎኑ እቀመጥ ነበር። ድንጋይ አልመሰለኝም። ክንዱ ላይ ተኝቶበት እጁ እንደደነዘዘ ሰው ነበር፤ እጁ እንዳለ ያውቃል፣ አይሰማውም። ሞተር ሳይክሏን ጥግ አስጠግቶ ሸራ አለበሳት።

አንዲት ልጅ አለችው፤ እሷም እንደ እናቷ አዋላጅነት ተማረች። እንደጨረሰች የእናቷ ቦታ ተሰጣት። ግን የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ "እዚያ ተራራ ላይ የሚመደብ ሰው የሚወጣበት ሊኖረው ይገባል። የሚቀጥለው ወር እስኪገባ ካላዘጋጀሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ" አላት። በቀጥታ ወደ ጋራዡ መጣች።

"አባዬ፣ የእማዬን ሞተር ሳይክል ሥራልኝ።"

"ሌላ እንፈልግልሽ።"

"ሌላ ከየት ይመጣል? ይቺ ደግሞ መንገዱን ታውቀዋለች፤ እኔ ባልነዳት እንኳ ራሷ ትወጣለች።"

ፈገግ እንዲል ነበር። አላለም።

"እሠራታለሁ" አለ።

ሸራውን ሲያነሳ እዚያው የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሲሊንደሩን ክዳን ፈታ፣ ሲሊንደሩን መዝዞ አወጣ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ ውስጡን አየ። ጢሱ በሚወጣበት በኩል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተጭሯል፤ ድመት የቧጠጠችው በር ይመስላል። የፒስተኑም ጎን ጠቁሮ ተልጧል።

"አልሰማችኝም ነበር ለካ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ኀዘንም አልነበረም።

መለኪያውን ከጨርቁ አውጥቶ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች ለካ። ሲሊንደሩን አዙሮ እንደገና ለካ። መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያኔ የሥራውን ነገር አላውቅም ነበር፤ ኋላ ነው ያስረዳኝ። ግድግዳው ተበልቶ ክብነቱን አጥቷል። እንዲህ ሲሆን መንገዱ አንድ ነው፤ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ የተበላው ብረት ይቆረጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ ከፊተኛው ወፈር ያለ ፒስተን ይገባበታል። ጭረቱ ጥቂት ቢሆን ኖሮ ግድግዳው በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ በዚያው ልክ አዲስ ፒስተን ይበቃ ነበር። ይሄኛው ጥቂት አልነበረም። እሱም ያውቃል።

መለዋወጫ ሱቅ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቋ ወፍራም፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ፒስተኖቹን እንደ ዕንቁላል በየሳጥናቸው ደረደረችለት።

"ይሄ የፋብሪካው ልክ ነው። ይሄም የፋብሪካው ልክ ነው፣ ግን ፀጉር ታህል ተለቅ ይላል። እነዚህ ሲሊንደር ለሰፋላቸው ናቸው። ለካኸው?"

"ለካሁት።"

"ስንት መጣ?"

ወንድሜ ከፋብሪካው ልክ ፀጉር ታህል የምትበልጠውን አነሳ።

"ይቺ ትበቃለች?"

"ትበቃለች።"

ሴትየዋ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። "ወንድምህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ሳይነግረኝ ገዛ። አሞት ከሆነ ሐኪም ቤቱ በዚያ በኩል ነው።"

ሥራውን በደንብ ሠራ። ፋሻ የሚሏቸውን አዲሶቹን የብረት ቀለበቶች ፒስተኑ ላይ አለበሰ፣ ፒስተኑ ላይ ያለችውን ቀስት ወደ ጢስ መውጫው አዞረ፣ ዘይት ቀባ፣ ገጠመ። እጁ አልተሳሳተም። ልጅቱ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞራ ተመለሰችና ሳታጠፋ በሩ ላይ ቆመች። ከሞተሩ ውስጥ ጣሳ በማንኪያ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ይሰማል።

"አባዬ፣ ይንኳኳል።"

"ሲሞቅ ይተዋል።"

ሞተሩን አጠፋችው። እኔም ከአግዳሚው ቀና አልኩ። ልጅቱ የራስ ቁሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ምን አልክ?"

ወንድሜ መፍቻዎቹን ወደየቦታቸው መስቀል ጀመረ።

"አባዬ፣ እኔ እዚህ ወለል ላይ ድኼ ነው ያደግኩት። ይቺን ነገር ለጠላትህም ብለሃት አታውቅም። ለክተኸው ነበር?"

"ለክቼው ነበር።"

"ስንት ነው?"

ነገራት። ቁጥር ሲጠየቅ መዋሸት አይችልበትም።

"ታዲያ ፒስተኑ ለሲሊንደሩ ልቅ ነው እኮ! ዳገት ላይ የፒስተኑ ጎን ቢሰበርብኝስ? ከኋላዬ ገደል፣ ከፊቴ ዳገት፣ ሰው የለ፣ ስልክ አይሠራ! እያወቅህ ነው የገጠምከው?"

"እያወቅሁ።"

"ለምን?"

ወንድሜ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የተጠረገውን እጅ እንደገና ጠረገ።

"ቶርኖ ቤት ከሄደ ውስጡ ይቆረጣል" አለ። "ያ ጭረት የእናትሽ ነው። በየቁልቁለቱ እሷ ናት የጫረችው። ሌላ የቀረ ነገር የለም። ልብሷን ለሰው ሰጠን።"

ልጅቱ አላለቀሰችም። የተቆጣች መሰለኝ፤ ፊቷ ቀላ።

"እኔስ?" አለች። "እኔ የሷ አይደለሁም?"

ወንድሜ ከግድግዳው መፍቻ አንስቶ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ገና ያልበረደውን ሞተር መፍታት ጀመረ። ብረቱ እጁን ሲያቃጥለው አይቻለሁ። እጁን አላነሳም። ልጅቱ ናት ክንዱን ይዛ፣ "ይብረድ አባዬ፤ ተወው፣ ይብረድ" ያለችው።

ሱቅ ስንመለስ ባለሱቋ ሁለት ሳጥን ለይታ አስቀምጣ ጠበቀችን።

"ትመለሳለህ ብዬ ነው። ሁለቱም ለሰፋ ሲሊንደር ናቸው። ይሄ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ፣ ይሄ ደግሞ ተቀጥቅጦ የተሠራ። የእሽቅድምድም ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የተቀጠቀጠውን ነው የሚወስዱት፤ ጠንካራ ነው።"

ወንድሜ ሁለቱንም በየእጁ ይዞ ወደ ልጁ ዞረ። ለፒስተን ምርጫ ሰው ሲያማክር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"የተቀጠቀጠው ሲሞቅ ብዙ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሲገጠም ላላ ተደርጎ ነው። ታጋሽ ነጂ ይፈልጋል፤ አስነስተሽ፣ ቆመሽ፣ አሙቀሽ ነው የምትሄጂው። የተቀዳው ብዙ አይሰፋም፣ ጠበቅ ተደርጎ ይገባል። ጥንካሬው ግን ያንሳል፤ ሳያልቅ በጊዜው መቀየር አለበት። አንቺ እንዴት ነው የምትነጂው?"

"አባዬ፣ ምጥ ሞተር እስኪሞቅ አይጠብቅም።"

"እንግዲያው የተቀዳው ነው። ስጠራሽ ግን ለመቀየር ትመጫለሽ።"

"እሺ።"

"እሺ ትያለሽ" አለ ወንድሜ። ባለሱቋ ሳቀች። ነገሩን ስለማታውቅ ነው የሳቀችው። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ቶርኖ ቤት ደግሞ ወግ አለ፤ ፒስተኑ በእጅ ሳይገባ ሲሊንደር አይቆረጥም። ሳጥን ላይ የተጻፈን ቁጥር ማን ያምናል? ባለ ቶርኖው ቀጭን ሽማግሌ ነው። ፒስተኑን ለካ፣ ሲሊንደሩን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

"ይሄን የነዳው ቁልቁለት ላይ ጋዝ የሚዘጋ ሰው ነው። ማነው ይሄ ጆሮ ቢስ?"

"ሚስቴ ናት" አለ ወንድሜ።

ሽማግሌው አንገቱን ደፋና፣ "ውጪ ብትጠብቁኝስ?" አለው።

"አይ። ልየው።"

ማሽኑ ተነሳ። ቢላው ከላይ ጀምሮ እየዞረ ወረደ፤ ከሥሩ ጥቁር ግራጫ ዱቄት መርገፍ ጀመረ። ጭረቱ አንድ በአንድ ጠፋ። ግድግዳው እንደ መስተዋት ሆነ። ወንድሜ ዓይኑን አልነቀለም፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አላነበብኩም። ሲያበቃ ሽማግሌው ዱቄቱን በብሩሽ ጠረገና ቆም ብሎ አየው፤ ይፈልገው እንደሆነ ማለቱ ነው። ወንድሜ አይ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዱቄቱ ከሌላው ሰው ብረት ጋር ባልዲ ውስጥ ገባ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተገጠመች። ሞተሯ ስትነሳ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ልጅቱ ጥቂት ቀን በዝግታ አለማመደቻት፤ ወሩ ሲገባ የእናቷን ቦርሳ አዝላ ዳገቱን ወጣች። ያን ቀን ወንድሜ የሌላ ሰው ሞተር ሲሠራ ዋለ። አልጠየቀም፣ በር ላይ አልወጣም። ወደ ማታ ድምፁ ከመታጠፊያው ተሰማ፤ መፍቻውን አስቀምጦ ሳሙናውን አነሳ።

"ወንድ ልጅ ነው!" አለች ገና ሳትወርድ። "እናቱም ደህና ናት።"

"ደግ" አላት፣ ሞተሩን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ።

ይህን ልጽፍ ስነሳ ሄጄ ጠየቅሁት። ልጅህ መጀመሪያ ዳገቱን የወጣች ቀን ምን ተሰማህ ብለው፣ "ምንም" አለኝ። በኖርከው ዘመን ከሁሉ የበለጠው ምን ነበር ብለው ግን እጁን ጠርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። ያለኝን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ሰው እንደሚያዝነው ማዘን አልቻልኩበትም። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ምናልባትም አይመጣም። ግን ሚስቴ በየቀኑ ትሄድ ነበር፣ በየቀኑ ትመለስ ነበር። ስትመለስ ቀና ብዬ እንኳ አላይም፤ እጄን ነበር የምታጠበው። ተራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ለካ እሱ ነው፤ የሄደ ሰው መመለሱ። አሁን ልጅቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እኔ ቀና ብዬ አያለሁ።"