ያልተበላው ዚንክ

ወደቡ ላይ ሰው የሚያሻግረው ባለጀልባ «አድሚራል» ነው የሚባለው፤ የባሕር ኃይሉ ግን አንዲት ጀልባ ናት። ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ እግሩን በኋላዋ በኩል ወደ ውሃ ይዘረጋል። ያንን እግር ነው ጨዋማው ባሕር እንደ ብስኩት ቆርጥሞ የጨረሰበት። ጨርቅ ቤት ያላቸው አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ይህን ሲሰሙ አዲስ የእንጨት ሜትር ገዝተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉና፣ የሚገዛው አዲስ እግርም ከተበላ ጀልባውን ሸጦ እሳቸው ዘንድ ጨርቅ ሲለካ እንደሚውል ነገሩት። አድሚራል ከዚያ ሱቅ ሻርክ ሆድ ውስጥ ቢውል ይመርጣል።

አዲስ እግር ሲመርጥ ሻጩን አስመረረው። እያንዳንዱን አንኳኳ፣ አሸተተ፤ ዘር ማንዘሩን መጠየቅ ነው የቀረው። ልቡ መስታወት የመሰለው ላይ ቢያርፍም፣ መካኒክ የሆነው የሚስቱ ወንድም የማርሽ ጥርሱ ወፍራም፣ ቀለሙ ድርብርብ፣ መለዋወጫው የትም የሚገኘውን ደብዛዛውን አስገዛው። ዚንክ የሚባል የብረት ቁራጭም እግሩ ላይ አሰረለት፤ ባሕሩ በእግሩ ፈንታ እሱን ይብላ ብሎ።

አድሚራል በየማታው አዲሱን እግር በንጹሕ ውሃ ያጥባል፤ ሕፃን እንኳ እንደዚያ አይታጠብም። ወራት አለፉ፤ ዚንኩ ንክች አላለም። ተሳፋሪ ሁሉ ቆሞ እንዲያደንቅለት አስገደደ። በመጨረሻ መካኒኩ ሊያይ መጣና ዚንኩ ላይ ጎንበስ አለ።

«ዚንኩን ማነው ቀለም የቀባው?»

«እኔ ነኛ። ሦስቴ ደራርቤ። አምሮበታል አይደል?»

«ወንድሜ፣ ለባሕሩ ምሳ አቅርበህለት ድስቱን ከድነህበታል።»

መካኒኩ እግሩን በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ቀለሙ ተነሣ፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄትና መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ታየ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ አድሚራል አፍንጫ ድረስ መጣ። ደግነቱ ገና ላዩን ነበር። እግሩን ፍቀው ቀቡት፤ አዲሱን ዚንክ ግን እርቃኑን አሰሩት፤ መካኒኩም ብሩሹን ቀምቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ ንብረቱ በተበላ ቁጥር የሚጨፍር እሱ ብቻ ነው። ዚንኩ ተግጦ ግማሽ ሲሆን ፈትቶ በሌላ ቀየረና፣ ትርፍራፊውን በመሐረብ ጠቅልሎ አማቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ተበላ እኮ፣ እማማ።»

አማቱ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

«እና እግሩስ?»

«እግሩ ደህና ነው። ይሄ ነው የተበላለት።»

ሜትሩን ከግድግዳው አወረዱት፤ አድሚራል አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ። እሳቸው ግን ጠረጴዛቸው ሥር የገባ ክር ሳቡበትና ወደ ግድግዳው ሳይመልሱት ጥግ ላይ አቆሙት።

«በል ሂድ፣ ተሳፋሪ ይጠብቅሃል» አሉት፤ ዚንኩንም መልሰው አልሰጡትም፣ ጨርቅ እንዳይበርባቸው ጫኑበት።