ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ

ከስታፍ ነው የወሰዱኝ። የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና እያረምኩ ነበር። «መምህር፣ አንዴ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ቀዩን እስክርቢቶ ኪሴ ከትቼ ተነሳሁ። «አንዴ» ያሉት ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ጥፋቴ አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገሬ ነው። ምን እንዳልኩ እዚህ አላነሳም። ዛሬ ሶዶ ውስጥ ማንም ሰው ሻይ እየጠጣ የሚለው ነገር ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም። ከግድግዳውና ከቆርቆሮው መሀል አንድ ስንዝር የምትሆን ክፍተት አለች፤ ብርሃኑም አየሩም የሚገባው በእሷ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም፣ ዓይን ያቃጥላል። በሩ ሲከፈት አሥራ ሰባት ሰው ቀና ብሎ አየኝ። አንዱ ክንዱን በሸሚዝ ጠምጥሞ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ባለፈው ቀን በሩን እየደበደበ ጮኾ ነበር አሉኝ። «እዚህ አይጮህም» አለኝ አጠገቡ ያለው፤ ጫማህን አውልቅ እንደሚል ሰው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ዱላው አልነበረም። ተበላ ከተማ ያለችው እናቴ ኩላሊቷ ደክሞ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየወረድኩ አያታለሁ። ሰኞ ወደ ሶዶ አምጥቼ ሐኪም ቤት ላስተኛት ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔ አርብ ተያዝኩ። ስለዚህ ያ ክፍል ስለ እኔ ያወቀው ነገር ቢኖር እናቴን ነው። ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም እነግራለሁ። «ሳልደርስባት አንድ ነገር ብትሆንስ?» እላለሁ። ጠዋት እላለሁ፣ ማታ እላለሁ። አሁን ሳስበው እንዴት ቻሉኝ?

የቻለኝ በተለይ አንድ ሰው ነው። ቤሌ አካባቢ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና መኮንን ነበር፤ ሁላችንም ዶክተር ነበር የምንለው። ከጎኔ ነው የሚተኛው። በሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ «መምህር፣ እንዲህ ከሆንክ እናትህ ሳትሆን አንተ ነህ የምትቀድመው። ና ቁጭ በል» አለኝ።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«እንደሱ አይደለም። ጀርባህን ቀና አድርግ። ዓይንህን ጨፍን። ትንፋሽህ ሲገባ ሲወጣ ብቻ ተከተለው። ሐሳብ ሲመጣ አትከራከረው፣ አትያዘው። ልቀቀው ይሂድ።»

ትንፋሽን እኔ አሥራ አራት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ዲያፍራም ሲወርድ አየር ይገባል፣ ሲወጣ ይወጣል። ለፈተናም ይመጣል። ከዚያ ያለፈ ምን ነገር አለው? «የት ተማርከው?» ስለው ሳቀ። አንድ ድርጅት የጤና ባለሙያዎችን ሆቴል ሰብስቦ ሦስት ቀን አሠልጥኗቸው ነው። ስሙን ማይንድፉልነስ ይሉታል አለኝ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ የሄድኩት ለአበሉ ነው። እዚህ ስገባ ነው ትዝ ያለኝ።»

ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሁለት ተከፈለብን። ከእኛ መሀል ሽማግሌ የሚባለው አንድ ወንጌላዊ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብሎ ያስጸልየናል፤ ጸሎት ሲሆን ጩኸት ይፈቀዳል። ዝም ብሎ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ አልተዋጠለትም። «ጌታ ያለው ሰው አየር ይቆጥራል እንዴ? ባዶ ቤት ምን እንደሚገባበት ታውቃለህ?» ይለኛል። ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ከጉራጌ የመጡ አንድ ባለሱቅ ደግሞ ነበር። «ይኼ እኮ ደንበኛ የጠፋ ቀን እኛ የምንቀመጠው ነው። እናንተ ሥልጠና ትሉታላችሁ» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

አልሆነልኝም። ሦስት ትንፋሽ ሳልሄድ እናቴ ትመጣለች። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሽ አያታለሁ። እብጠቱ ላይ የጣቷ ምልክት ይቀራል። ዓይኔን እገልጣለሁ። ዶክተሩ ሳያየኝ ነው የሚያውቀው። «መጣች? ትምጣ። አትያዛት። እንደገና ከአንድ ጀምር» ይለኛል። አንዳንዴ ብሽቅ እላለሁ። የራሱ እናት ብትሆን እንደሱ ይላል?

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ምግብ የማስገባት ተራ የእሱ ነበር። ጠያቂ አያስገቡም፤ ተረኛው በር ድረስ ሄዶ ሳህን ተቀብሎ ይመለሳል። የእኔን ይዞ ሲመጣ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ነው፤ ዳጣው የእህቴ እጅ እንደሆነ ከሽታው አወቅኩ። «እሷ ናት የመጣችው? እናቴ እንዴት ናት አለችህ?» አልኩት። ሳህኑን እያስቀመጠ፣ «እንዳለች ናት» አለኝ። እንዳለች ናት ማለት ለእኔ ደህና ናት ማለት ነው። በላሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ክፍሉ ተለወጠብኝ። ባለሱቁ ከክፍተቷ ሥር፣ ነፋስ የሚገባባት ቦታ ላይ የነበረች ፍራሹን ለእኔ ሰጠኝ። «ወገቤ ሲሚንቶ ነው የሚስማማው» አለኝ። ምግብ ሲቀርብ ያጎርሱኛል ማለት ይቻላል፤ እንቢ ብል «በሞቴ» ይላሉ። ወንጌላዊው አየር መቁጠሬን መቃወም ተወ። ተወ ብቻም አይደል፣ ከጎናችን መጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ጀመር። ሐሙስ ዕለት አንድ ቀልድ ተናገርኩ፣ ሁሉም ሳቁ። በቀልዴ ሰው ስቆ አያውቅም፤ ተማሪዎቼ እንኳን ለማርክ ብለው አይስቁም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እኔ ግን ምን ብዬ ተረጎምኩት? ልፈታ ነው አልኩ። ተረኛው በር ላይ አንድ ነገር ሰምቷል፣ ድንገት ደስ እንዲለኝ ደብቀውኛል አልኩ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልታየኝም። አርብ ዕለት ብርድ ልብሴን ልተውለት ክንዱ ለታሰረው ሰው ቃል ገባሁለት። ባለሱቁን፣ «ቤተሰብ ጋ የምትልከው መልእክት ካለ ንገረኝ» ብዬ ጠቀስኩት። አንገቱን ደፋ። ትሑት ሰው ነው አልኩ። የትኛውን ሚኒባስ እንደምይዝ፣ ስገባ እናቴ ምን እንደምትለኝ ሁሉ ጨርሼዋለሁ። ቁጭ ማለቱም እንደ ጉድ ሆነልኝ። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ ንቅንቅ ሳልል እቀመጣለሁ። እናቴ ስትመጣ ዝም ብዬ አያታለሁ፣ ስትሄድ አልከተላትም። ነገ ከነገ ወዲያ ላገኛት አይደል? «ገባህ» አለኝ ዶክተሩ ቅዳሜ ዕለት። ፊቱን አየሁት፤ ደስ ያለው አይመስልም። ሰው ሲያስተምር ይደክመዋል ብዬ አለፍኩት።

እሁድ ሲነጋ ወንጌላዊው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ቀሰቀሰኝ። ሁሉም ተነስተዋል። ሁሉም ሸሚዛቸውን ቆልፈው ቁጭ ብለዋል። ባለሱቁ ጀሪካን ይዞ፣ «ፊትህን ታጠብ» አለኝ። ሊሸኙኝ ነው! ታጠብኩ። ጃኬቴን ለበስኩ። «ምነው እንዲህ ተቸገራችሁ?» አልኩ፣ ጥርሴን ገልጬ። ይቺን ፈገግታ ዛሬም ሳስታውሳት አፍራለሁ።

ሁለት ሰዎች መጥተው ከግራና ከቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ወንጌላዊው በወላይትኛ ጀመረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ለባለሱቁም ለጠባቂዎቹም ሲባል በአማርኛ ነበር የምናወራው፤ ጸሎት ካልሆነ በስተቀር በቤታችን ቋንቋ አናግሮኝ አያውቅም። ገና ሳይጨርስ ገባኝ። ሰው ክንዱን ግራና ቀኝ የሚያዘው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ስንት መርዶ ላይ ይዣለሁ፤ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ነው።

አልወደቅኩም። አልጮህኩም። ትንፋሼ ገባ፣ ወጣ። እየተከተልኩት ነበር። ደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር የት እንደሄደ አላውቅም፤ ምንም አልነበረም። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጉት መድኃኒት አለ አይደል? መላ አካሌ እንደሱ ሆነ።

«አልቅስ እንጂ ልጄ» አለኝ ወንጌላዊው። እሱ እያለቀሰ ነው። ባለሱቁም እያለቀሰ ነው፤ የራሱ እናት ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው፣ ለእሷም ይሁን ለእኔ እንጃ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ሰኞ። ማክሰኞ ተቀበረች።»

ዞሬ ዶክተሩን አየሁት። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልቀቃት፣ አትያዛት የምትለኝ ለዚህ ነው?»

«እህትህ ከለቅሶ ቤት ተነስታ ነው የመጣችው» አለ። «በር ላይ እጄን ይዛ ለመነችኝ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ይጮሃል፣ ከጮኸ ይደበድቡታል አለችኝ። ቻል እስክታደርገው ልቆይ ብዬ ነው። ሁሉንም ዝም ያስባልኩት እኔ ነኝ።»

ተናድጄበት ነበር። እንዲህ የተናደድኩበት ሰው በሕይወቴ የለም፤ ያሰሩኝን ሰዎች እንኳን እንደሱ አልተናደድኩባቸውም። ግን ንዴቱም ከሩቅ ነበር፤ የጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይመስል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፣ የሽንት ቤት ሰዓት ነው። እኔን፣ «አንተ ቁጭ በል» ብለው ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝና ወጡ። ሲመለሱ ጠባቂው እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ እየቆጠረ ያስገባል። ሌላ ቀን ተጋፍተው ነው የሚገቡት። ያን ቀን ግን አንዱ ገብቶ እስኪቀመጥ ሌላው ውጭ ይጠብቃል።

«ምንድነው ይኼ ሰልፍ?» አለ ጠባቂው።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው» አለው ባለሱቁ።

ጠባቂው ወደ ውስጥ አየ፣ እኔን አየኝ። «እሺ፣ ቶሎ ቶሎ በሉ» አለ።

አንድ በአንድ መጡ። ትናንት ማታ ከጎኔ ያንኮራፉ ሰዎች ከሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው ከበር ጎንበስ ብለው ይገባሉ። «ጌታ ያጽናናህ» ይላሉ፤ ባለሱቁ፣ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። እናቴ ለቅሶ ላይ ስትቀመጥ ለደረሰ ሁሉ ትነሳ ነበር፤ ጉልበቷን እያመማትም ትነሳለች። እኔም ተነሳሁ። ለእያንዳንዱ ተነስቼ፣ «ክፉ አይንካህ» እያልኩ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ክንዱ የታሰረው ሰው በደህና እጁ ትከሻዬን ያዘኝ። ሁሉም ግድግዳውን ተደግፈው በዝምታ ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ ዶክተሩ ቀረ። የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል፣ አልገባም። ጠባቂው፣ «ግባ እንጂ!» ይለዋል። እሱ የሚያየው እኔን ነው። ቁጭ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ክፍሉም እየጠበቀ ነው።

ተነሳሁለት። «ጌታ ያጽናናህ» አለኝ። «ክፉ አይንካህ» አልኩት።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ነው የተፈታሁት። ያን ቀን ተበላ ወረድኩ። ድንኳኑ ከተነሳ ቆይቷል፤ ጎረቤት ለእኔ ሲል እንደ አዲስ መጥቶ አለቀሰ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ይቅር በለኝ» አለችኝ። መቃብሯ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ትንፋሼ ገባ፣ ወጣ። እንባ አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም፤ ይመጣል ብዬ መጠበቁን ትቻለሁ።

አሁንም አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሃያ ደቂቃ እቀመጣለሁ። ብዙ ነገር ለቅቄአለሁ። ያሰሩኝን ሰዎች መንገድ ላይ ሳገኝ ሰላም እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ሐኪም ቤት ሳላደርሳት መቅረቴንም አንዳንድ ቀን እለቀዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ዶክተሩ ከቤሌ ሲመጣ አብረን ምሳ እንበላለን። ባለፈው ጊዜ፣ «አሁንም ትቀመጣለህ?» አለኝ። እቀመጣለሁ አልኩት። ሳህኑን እያየ፣ «እነዚያን ቀናትስ? ለቀቅካቸው?» አለኝ። ይቅርታ እየጠየቀኝ እንደሆነ ገባኝ።

አልለቀቅኩም አልኩት። አልለቅም። አንተ ከሠራኸው ሁሉ ስለዚያ ነው የማመሰግንህ አልኩት። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ እናቴ ለሁላችሁም ሞታ ነበር። ለእኔ ግን ደጅ ላይ ቆማ ሚኒባሱን እየጠበቀች ነበር።