የእትዬ አምለሰት ጠጅ ሣር

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእትዬ አምለሰትን ጓሮ አይቶ ሳያደንቅ የሚያልፍ የለም። በእሳቸውና በጎረቤታቸው በስመኘው መካከል ጠጅ ሣር እንደ አጥር ተሰልፏል፤ ነካ ሲያደርጉት ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። የተከሉት ሟቹ ባላቸው ዘሩ ናቸው። ለውበትም ነው፣ ለወሰንም። ከመትከላቸው በፊት ግን እንደ አባቶቻቸው ከሥሩ የተሰበረ ጋን ቀበሩ፤ ሣር ቢደርቅ ገል አይበሰብስም ብለው።

ዘሩ ከሞቱ ወዲህ ሣሩን የያዘው ስመኘው ነው። ባዕድ እንዳይመስላችሁ፤ ዘሩ ክርስትና ያነሡት ልጅ ነው። ጠጅ ሣር ውሃ አይለምን፣ ፍግ አይጠይቅ። ብቻ ሲያረጅ መካከሉ ይደርቃል፤ ያኔ ነቅሎ፣ ሰንጥቆ፣ ደህናውን ጠርዝ መልሶ መትከል ነው። ሰኔ በገባ ቁጥር ስመኘው ዶማውን ይዞ ይመጣል።

«እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ። እኔ እያለሁ ምን በወጣዎ!»

እሳቸው ይመርቁታል። እኔም ጎረቤት ነኝና አብሬ መርቄዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የእትዬ አምለሰት የድንች ትልም ግን ከዓመት ዓመት አነሰ። ዘጠኝ ነበር፤ ስምንት ሆነ፤ ቆይቶ ስድስት። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ እንደ ድሮው ማዳረስ አቃተኝ» ይሉ ነበር።

አምና ቀያሾች መጡ። እትዬ አምለሰት በሽማግሌዎች ፊት ወሰናቸውን ሲጠየቁ፣ ኮራ ብለው ሣሩን አሳዩ። «ይኸው፤ ባለቤቴ በእጁ የተከለው።»

ስመኘው አንገቱን ደፋ። «እሳቸው ካሉ እኔ ምን እላለሁ?»

ተለካ፤ ተጻፈ፤ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ስመኘው ጓሮውን በበሬ ሲያርስ ማረሻው ገል ገለበጠ። እትዬ አምለሰት ድንች ሊኮተኩቱ ወጥተው ነበርና አዩት። አፉ ላይ የጣት ንድፍ ያለበት፣ የሠርጋቸው ጋን ነው። ከሣሩ እስከ ገሉ ስድስት ክንድ ይሆናል። ለካስ ሰውየው በየሰኔው ደህናውን ጠርዝ ወደ እሳቸው እየገፋ ሲተክል ኖሯል!

ገሉን አንሥተው አገላብጠው አዩት። እሱ በሬዎቹን አቆመ።

«እማማ፣ ገል የትም ይወጣል። ደግሞ ወሰኔ ሣሩ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው፤ የሚያመውም ይኸው ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እሳቸውን የጣላቸው ግን ባላቸው ከካህን እጅ አቅፈው የተቀበሉት ልጅ ነው። ሽማግሌ እንጥራ ብላቸው እምቢ አሉኝ። «በራሴ አፍ የሰጠሁትን በማን አፍ ላስመልስ?»

ሰኔ ገባ። ስመኘው ምንም እንዳልተፈጠረ ዶማውን ይዞ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ሣሩ መካከሉ ደርቋል። ልትከልልዎ?»

እትዬ አምለሰት ደጃፋቸው ላይ ካስቀመጡት ገል ቀና ብለው አዩት።

«ይድረቅ፣ ልጄ» አሉት። «ሣር እንደሆነ ካልወሰዱት አይሄድም።»