የእናቱን ደጅ የሸጠው ፎቶ አንሺ

ሰፈሩ «ቆይ አንዴ» ይለዋል። ካሜራውን ካነሳ ሰው አያሳልፍም፤ ሸክም የከበደውንም ሽንት የወጠረውንም «ቆይ አንዴ» እያለ ያቆማል። ድሮ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያነሳ ነበር። አሁን ሥራው አገር የሚያሳዩ ፎቶዎችን አንስቶ በኢንተርኔት ለሚሸጡ ድርጅቶች መስጠት ነው፤ የጉዞ መጽሔቶችና ማስታወቂያ ሠሪዎች ከዚያ እየመረጡ ይገዛሉ። ይገዛሉ መባሉ ነው እንጂ የእሱን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

ፎቶዎቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። የሚያነሳው ሰው ሁሉ የሚያነሳውን ነው፤ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ድልድይ፣ ሻንጣ የምትጎትት ሴት። ፀሐይ የሚፈልግ ገዢ ፊት ሚሊዮን ፀሐይ ይደረደርለታል፤ የቆይ አንዴ ፀሐይ ከየት ትታይ? አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ጓደኛው ጨክኖ ነገረው። ሁሉም ያለውን ተወውና ሌላው የሌለውን አንሳ፣ ቦታውንም በስሙ ጥራው፣ «ጠባብ መንገድ» ብቻ ብለህ ከጻፍክ ማንም አያገኝህም አለው። የምክሩ ክፋት እውነት መሆኑ ነው።

ሌላው የሌለው ነገር የእናቱ ደጅ ነበር። ሰፈሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ነው። ቤቶቹ የኋላ መስኮት ስለሌላቸው ከሰዓት በኋላ ውስጣቸው ታፍኖ አያስቀምጥም፤ ሴቶቹ ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ወጥተው ይጫወታሉ። ከራሳቸው በላይ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ቀለም የነከረቻቸውን ጨርቆች ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራ ታሰጣለች፤ ፀሐይ በጨርቆቹ ስታልፍ ድንጋዩ ቀይና ቢጫ ይሆናል። የቆይ አንዴ እናት አስም አለባቸው። ለእሳቸው ደረጃው ላይ መቀመጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም፣ መተንፈሻቸው ነው።

አንድ ቀን ሴቶቹ ገና ሳይወጡ ደረጃውን አነሳው። ከፎቶው ሥር የሰፈሩን ስም ጻፈ፣ የትኛው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደሚወረድ ሳይቀር ጨመረ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የእሱ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ፎቶውን የሚገዛ እንጂ ተነስቶ የሚመጣ አልታየውም።

ፎቶው ተሸጠ። ደግሞ ተሸጠ። አንድ የጉዞ መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣው፣ ሰውም መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት ፈራ ተባ እያሉ ነበር፤ ኋላ ግን በአስጎብኚ እየተመሩ ጎረፉ። የሚመጡት ድንጋዩ በሚቀላበት ሰዓት ነው፣ ማለትም ሴቶቹ በሚቀመጡበት ሰዓት፤ ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡባቸውም በእጃቸው ዞር በሉ ይሏቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ከጨርቆቹ መሃል የተሰጣ የባሌ ሙታንታ ከእኔ ቀድሞ ዓለምን ዞረ ብላ ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ ሳቋ አለቀ። እናቱ ደግሞ በራቸውን ዘግተው ውስጥ መዋል ጀመሩ። ቆይ አንዴ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ከውጭ ይሰማዋል። ፀፀት እንቅልፍ ነሳው። ፎቶውን ከሽያጭ አወረደ፤ የተሸጠውን ግን ማን ይመልሰዋል?

በመጨረሻ ሊናገር ቆርጦ መጣ። ሲገባ ልብስ ሰፊዋ እናቱ ዘንድ ተቀምጣለች። ይህን ጉድ ያመጣብን ፎቶ የልጅዎ ነው ሲባል ሰማሁ እያለቻቸው ነበር።

«የእኔ ልጅ የሚያነሳው ድልድይና ፀሐይ ነው» አሉ እናቱ። «የእናቱን ደጅ አይሸጥም። ልጄን ይንሳኝ።»

ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ አፈረች፤ እሳቸውንም እሱንም ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። እሱም ይቅርታዋን ተቀበለ።

«እማዬ» አለ በሩ ሲዘጋ፣ «ፎቶው የኔ ነው።»

እናቱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ዋጠው» አሉት። «አሁን እኮ በአንተ ማልኩ።»

ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ አላቸው። እሳቸው አልፈቀዱም። አንተ ተናግረህ ቀሎህ ትሄዳለህ፣ እኔ ግን በሐሰት የማለች አሮጊት ሆኜ እዚሁ ከጎረቤቶቼ ጋር እኖራለሁ አሉት።

የጉዞው ወቅት አልፎ እንግዶቹ ሲመናመኑ ሴቶቹ ወደ ደረጃው ተመለሱ። ልብስ ሰፊዋም የእናቱን በር አንኳኳች። «እትዬ፣ ዛሬ ማንም የለም፤ ይውጡና ይንፈስብዎ» አለች። እናቱ ከውስጥ ሆነው ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጋደም ልበል አሏት።

አልተጋደሙም። ቆይ አንዴ አጠገባቸው ነበር፤ ክፍሉ ታፍኗል፣ ደረታቸው ያፏጫል። እንዲወጡ ለመናቸው።

«በምን ዓይኔ ልያት?» አሉት፣ ውጭ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።